ይዕብን ፍለጋ፦ ከቆሎ እስከ ችግኝ

የዚህ ጽሑፍ መነሻ በሻይ ብርጭቆ ተለክቶ የተሸጠልኝ ፍሬ ነው። ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ከዶርም ጓደኛዬ ጋር ጅግጅጋ ሄጄ ነበር። ጓደኛዬ የዋርዴር ልጅ ነው፤ የሚማረው ኢኮኖሚክስ ነው። ገበያ ውስጥ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ከስኳርና ከሻይ ቅጠል አጠገብ ላስቲክ ላይ የዘረጉት ነገር ነበር። ከለውዝ ተለቅ ያለ፣ የእንቁላል ቅርጽ ያለው፣ ቡናማ፣ ልጣጩ ስስ የሆነ ፍሬ ነው። ጓደኛዬ "ኤዶ" ብሎ ሰላምታ ሰጣቸው (በሶማልኛ አክስት እንደማለት ነው፤ ለማያውቋቸው ትልልቅ ሴቶችም በአክብሮት ይባላል)፤ ከዚያ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ሰብሮ ሰጠኝ። አኘካኘኩ የለውዝ፣ ጣዕሙ የስኳር ድንች ዓይነት ሆነብኝ።

"አንተ ስለ ተክል አይደል የምትማረው? ይሄ ምንድን ነው?" አለኝ።

ሦስተኛ ዓመት ነበርኩ። ታክሶኖሚ ኤ አግኝቼበታለሁ። ፍሬውን ግን አላወቅሁትም። እሱ እየሳቀ "ይዕብ ነው" አለኝ። ሁለት ብርጭቆ ገዝቼ ወደ ግቢ ተመለስኩ። የመመረቂያ ጥናቴ ርዕስ ያን ዕለት ተወሰነ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ እኔን ግን አንድ ሳምንት አስፈጅቶኛል። ሶማልኛ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከቃሉ መካከል "ሲ" የምትባለው ፊደል ትገባለች፤ ድምፅዋ ግን የሲ አይደለም፣ ከጉሮሮ የሚወጣ ነው። ፈረንጆቹ ደግሞ ያን ድምፅ ስለሚቸገሩበት "የሄብ" ብለው ጻፉት። እኔ በሰማሁት ድምፅ በሆሄያት ስፈልግ፣ መጽሐፎቹ በሌላ ሆሄ አስቀምጠውት፣ ሳንገናኝ ቆየን። በእኛ ፊደል ለዚያ ድምፅ የምትቀርበው ዐይኑ ዐ ናት። እኛ በንባብ ከአልፋው አ ጋር አንድ አድርገናታል፤ ሶማሌዎች ግን ዛሬም ለይተው ይሏታል። ስለዚህ እዚህ ላይ "ይዕብ" ብዬ እጽፋለሁ።

ፍሬውን ለክፍል ጓደኞቼ ሳሳይ ግምቱ በረከተ። አንዱ የበደኖ ፍሬ ነው አለ። በደኖን ያየ ሰው እንዲህ አይልም፤ የበደኖ ፍሬ ሥጋ አለው፣ ውስጡ ያለውም ድንጋይ የሚያህል ጠንካራ ነው። የተሻለው ግምት ከአንድ መምህራችን መጣ፦ "ሆሆባ ሊሆን ይችላል።" ሆሆባ የሰሜን አሜሪካ በረሃ ቁጥቋጦ ሲሆን ፍሬው በመልክ ከይዕብ ጋር በእርግጥ ይቀራረባል። መለያው ግን ቀላል ነው። የሆሆባ ፍሬ ክብደቱ ግማሽ ያህሉ ፈሳሽ ሰም ስለሆነ ወረቀት ላይ ቢደቁሱት ወረቀቱን አጣቅሶ ብርሃን ያሳልፈዋል፤ ሲቀምሱትም ይመርራል። የእኔን ፍሬ ስደቁሰው ወረቀቱ ላይ የቀረው ጥቂት ወዝና ብዙ ዱቄት ነው። ጣፋጭነቱንም አስቀድሜ ቀምሼዋለሁ። ሆሆባ አይደለም።

ነገር ግን "ይህ አይደለም" ማለት "ያ ነው" ማለት አይደለም። በፍሬ ብቻ እስከ ዝርያ ድረስ መድረስ አይቻልም፤ ቅጠልና አበባ ያስፈልጋል። ጓደኛዬ ለሴሚስተሩ ዕረፍት አገሩ ሲሄድ ቅርንጫፍ እንዲያመጣልኝ ለመንኩት። የዕፅዋት ማድረቂያ ፕሬስ አልሰጠሁትም፤ መስጠት ነበረብኝ። እሱም የማክሮኢኮኖሚክስ ደብተሩ መካከል አድርጎ አመጣው። ደብተሩን ሲከፍተው ሁለታችንም ደነገጥን። ቅጠሉ ያረፈበት ገጽ ላይ ቀይ እስክሪብቶ የተፈነጠቀበት የሚመስል ነጠብጣብ ነበር። "ደብተሬን አበላሸኸው" አለኝ። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም ተክሉን ሳላየው ማንነቱን የነገረኝ ያ ነጠብጣብ ነው።

እንግዲህ በኢትዮጵያና ኤርትራ ፍሎራ መጽሐፍ ሦስተኛ ቅጽ (እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመው፤ የጥራጥሬ ቤተሰብ ያለበት) በመለያ ቁልፉ መሠረት ስሄድ እንዲህ ሆነ። ቅጠሉ እንደ ላባ የተደረደረ ጥንድ ጥንድ ቅጠላት ነው፤ ጫፉ ላይ ብቻዋን የቆመች ቅጠል የለችም። እስከዚህ ድረስ ሰናመኪም እንዲሁ ነው፤ የእኔም ጥርጣሬ ወደ ሰናመኪ ወገን ሄዶ ነበር። ልዩነቱ የሚመጣው ቅጠሉን ገልበጥ ሲያደርጉት ነው። ይዕብ ቅጠሉ እንደ ቆዳ ወፍራም ሲሆን በታችኛው ገጹ ላይ በእጅ አጉሊ መነጽር የሚታዩ ቀያይ ጥቃቅን ዕጢዎች አሉት። እርጥብ ጣት ቢያሹበት ጣቱን ያቀላዋል። አበባው ቢጫ ነው፣ ባለ አምስት ቅጠል። ዘለላው አጭርና ጫፉ እንደ ምንቃር የሾለ ሲሆን የሚይዘው ፍሬ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ኮርዶክሲያ ኢዱሊስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1907 ሄምስሊ የተባለው እንግሊዛዊ የዕፅዋት ሊቅ ነው የሰየመው። "ኮርዶክሲያ" የተባለው በዚያን ጊዜ የብሪታንያ ሶማሌላንድ አስተዳዳሪ በነበረው በካፒቴን ኮርዶ ስም ሲሆን "ኢዱሊስ" ደግሞ የሚበላ ማለት ነው። ለዘመናት ሲበሉት የኖሩት አርብቶ አደሮች ከስሙ ውስጥ የደረሳቸው ይህችው "የሚበላ" የምትለው ቃል ብቻ መሆኗ ትንሽ ያሳዝናል። ወገኑ (ጂነሱ) ሌላ ዝርያ የለውም። ይህ አንዱ ከጠፋ ወገኑ በሙሉ ጠፋ ማለት ነው።

ስለ ቀዩ ቀለም ትንሽ ልጨምር፤ በጣም ስለገረመኝ ነው። ቀለሙ ኮርዶክሲያኩዊኖን የሚባል የናፍቶኩዊኖን ዓይነት ውሁድ ነው። ከብረታ ብረት አዮኖች ጋር ተጣብቆ በውሃ የማይሟሟ ቀለም ስለሚሠራ ጨርቅ ለማቅለም ይመቻል። ይህንን ቅጠል የሚበሉ ፍየሎች አጥንታቸው ወደ ቀይ የሚያደላ ቀለም ይይዛል ተብሎ በጥናቶች ተጽፏል። ጓደኛዬን ስጠይቀው "ይሄ ደግሞ ይጠየቃል?" በሚል ዓይን አየኝ። ለእሱ ዜና አይደለም። ከብቱ የት እንደዋለ ከአጥንቱ ይታወቃል አለኝ።

አሁን ወደ ማብቀሉ ልምጣ። ብዙ ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው።

ከገበያ ከገዛሁት መርጬ ሃያ ፍሬ ለሃያ አራት ሰዓት ውሃ ውስጥ ነክሬ በችግኝ ጣቢያችን ዘራሁ። አንድ ወር ጠበቅሁ። ምንም የለም። ቆፍሬ ሳወጣቸው በስብሰዋል። የአየር ጠባይ ነው፣ ፈንገስ ነው፣ የአፈሩ ፒኤች ነው እያልኩ ሦስት ገጽ ማብራሪያ ጽፌ ለአማካሪዬ ላቀርብ ስል፣ የችግኝ ጣቢያው ሠራተኛ (ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን) ካልዘራሁት ከቀረው አንዱን አንስተው ቀመሱ። ቀስ ብለው አኘኩ። "ልጄ፣ የዘራኸው እኮ ቆሎ ነው" አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ይዕብ ቶሎ በነፍሳት ስለሚበላ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ብዙ ጊዜ ይቆላል ወይም ይቀቀላል። የቀሩትን ሰንጥቄ በላብራቶሪ በቴትራዞሊየም ሙከራ አየኋቸው። ይህ ሙከራ ሕይወት ያለውን ሽል ቀይ ያደርገዋል፤ የሞተው ባለበት ይቀራል። አንዱም አልቀላም። ይህን ሙከራ ከመዝራቴ በፊት ባደርገው ኖሮ አንድ ወር አላባክንም ነበር። በጋሼ ምላስ ከተፈተነ በኋላ ላብራቶሪ መግባቴ ራሱ አሳፋሪ ነው፣ ግን ለሪፖርቱ ያስፈልግ ነበር።

ስለዚህ ያልተቆላ፣ ትኩስ ዘር ያስፈልጋል። ትኩስም ቢሆን የመብቀል ኃይሉ የሚቆየው ለጥቂት ወራት ብቻ ስለሆነ አስቀምጦ መቆየት አይቻልም። ያን ሰሞን ደግሞ ዘር መለመን ቀላል አልነበረም። በሶማሌ ክልል ዝናብ በተከታታይ ወቅቶች ጠፍቶ ከባድ ድርቅ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የጸደዩ ዝናብ፣ እነሱ "ጉ" የሚሉት፣ ከጣለ በኋላ የጓደኛዬ አክስት ሠላሳ ፍሬ ላኩልኝ። በጨርቅ ተቋጥሮ፣ በሦስት ሰው እጅ ተቀባብሎ ነው የደረሰኝ። ከሚበላው ላይ ተቀንሶ መሆኑን የገባኝ በኋላ ነው።

ከሠላሳው አሥራ አምስቱን በፈላ ውሃ ነከርኳቸው። ለምን ቢባል፣ የግራር ዘር እንዲህ ስለሚደረግ። ግራር የዘሩ ቆዳ ውሃ አያስገባም፤ ሙቅ ውሃ ይከፍተዋል። ይዕብም ከግራር ጋር በአንድ የጥራጥሬ ቤተሰብ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ይሠራል አልኩ። አልሠራም። የይዕብ ልጣጭ በጥፍር የሚሰበር ስስ ነገር ነው፤ የሚከፈት በር የለውም። እኔ ያደረግሁት ዘሩን መቀቀል ነው። በሌላ አነጋገር በገበያ የተደረገውን ቤቴ ደገምኩት። አሥራ አምስቱም አልበቀሉም። ሳይነኩ የተዘሩት አሥራ አምስቱ ውስጥ ግን አሥራ አንዱ በሦስት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ብቅ አሉ። አክስትየው ደውለው "በቀለ?" ሲሉ ጓደኛዬ አሥራ አንድ መብቀሉን ነገራቸው። ስለ ተቀቀሉት አልነገራቸውም፤ እኔም አልነገርኩም።

ከዚያ ችግኞቹ ቆሙ። ማለትም የቆሙ መሰለኝ። አራት ወር ሙሉ ከአፈር በላይ ያለው ክፍል ከጣት ርዝመት አልዘለለም። ናይትሮጅን አንሶት ነው ብዬ ብስባሽ ጨመርኩ፣ ውሃም አበዛሁ። በኋላ ሥሩን ሳየው እንደ ባቄላ ወይም ሽምብራ ናይትሮጅን የሚይዝ እባጭ አላገኘሁበትም። ከጥራጥሬ ቤተሰብ ሁሉም ናይትሮጅን ያስራል ማለት እንዳልሆነ በክፍል ተምረናል፤ ግን ፈተና ላይ መጻፉና ተክሉ ፊት መቆሙ ይለያያል።

ያደጉት ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ነበር። የተጠቀምንበት የፖሊቲን ከረጢት እንደማንኛውም የችግኝ ጣቢያ ከረጢት ቁመቱ አሥራ አምስት ሴንቲሜትር ነው። የይዕብ ዋና ሥር ይህን ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጨርሶ፣ የከረጢቱን ታች አልፎ መደቡ ውስጥ ገብቶ ነበር። እኛ ምንም ሳናውቅ ቦታ ለማስለቀቅ ከረጢቶቹን ስናነሳ "ጠቅ፣ ጠቅ" የሚል ድምፅ ሰማን። ያ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። አንዱን ቆፍሬ ስለካው ከላይ ስድስት ሴንቲሜትር ሆኖ የተቆረጠው ሥር አርባ አንድ ሴንቲሜትር ነበር። ዘጠኙ በሁለት ሳምንት ውስጥ ደረቁ። የቀሩትን ሁለቱን የኅዳር ብርድ ገደላቸው።

ነገሩ ሲታሰብ ተክሉ ትክክል ነው። የሚኖረው በምሥራቅ ኦጋዴንና በማዕከላዊ ሶማሊያ፣ የዓመቱ ዝናብ ጥቂት በሆነበት፣ ቀይ አሸዋማ መሬት ላይ ነው። እዚያ ዝናብ የሚጥለው ለጥቂት ሳምንት ነው፤ ውሃው ደግሞ በአሸዋው ውስጥ ወደ ታች ይሄዳል። ችግኙ ውሃውን ተከትሎ ካልወረደ የሚቀጥለውን ወር አያይም። ቅጠል ማብዛት ለዚያ ችግኝ ወጪ ነው። ትልቁ ቁጥቋጦ ራሱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሜትር ተኩል አይበልጥም፤ ግን በበጋው ሁሉ ሳር ሲደርቅ ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ ግመሉንና ፍየሉን ይመግባል። እኔ ያንን ተክል በደጋ፣ በአሥራ አምስት ሴንቲሜትር ከረጢት፣ በብስባሽ ላይ አስቀምጬ "ለምን አታድግም?" እያልኩት ነበር።

ይህን ለአክስትየው መንገር ነበረብን። ጓደኛዬ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝና እሱ አስተረጎመ። ያለቁት ሁሉ፣ የተቀቀሉትም ጭምር፣ አንድ በአንድ ተነገራቸው። ዝም አሉ፤ ከዚያ የተናገሩትን ጓደኛዬ እንዲህ ሲል ተረጎመልኝ፦ "ይዕብ ልጅ ሆኖ ሲነቀል አይወድም። እኛም አንተክለውም፣ ራሱ ነው የሚበቅለው። አሁን ግን ራሱም መብቀል ትቷል፤ ፍሬው መሬት ሳይነካ እንለቅመዋለን።" በጽሑፍ ያነበብኩት ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ይዕብን ለአደጋ ከተጋለጡ ዝርያዎች መዝግቦታል፤ ምክንያቶቹም ልቅ ግጦሽ፣ ለማገዶ መቆረጡ፣ ፍሬው ተለቅሞ ማለቁና አዲስ ችግኝ አለመተካቱ ናቸው። የቆሙት ቁጥቋጦዎች ስላሉ ጫካው ያለ ይመስላል። ልጆቹ ናቸው የሌሉት።

በ2016 ዓ.ም. ከጉ በኋላ ሃያ ፍሬ እንደገና ላኩ። እኔ ለመጠየቅ አፍሬ ነበር፤ ሳልጠይቅ ነው የመጣው።

በዚህኛው ዙር ያደረግሁት የሚከተለው ነው፤ መሞከር ለሚፈልግ ይጠቅማል ብዬ በዝርዝር እጽፈዋለሁ። ከግንባታ የተረፈ የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ ለምኜ በስድሳ ሴንቲሜትር ቆረጥኩት። እያንዳንዱን ቁራጭ ለሁለት ሰንጥቄ መልሼ በሽቦ አሰርኩት፤ ሲከፈት ሥሩ እንዳይነካ ነው። ከታች በወንፊት ሽቦ ዘጋሁት። አፈሩ ሦስት እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ ቀይ አፈር ሲሆን ብስባሽ የለውም። ዘሩ በደረሰኝ በማግስቱ፣ ሳልነክርና ሳልቀቅል፣ ሁለት ሴንቲሜትር ጥልቀት ላይ አጋድሜ ቀበርኩት። ውሃ የመጀመሪያውን ወር በሦስት ቀን አንዴ፣ ከዚያ በሳምንት አንዴ፣ ግን እስከ ታች ድረስ እንዲደርስ አድርጌ ነው። ጋሼ በየቀኑ ሊያጠጡ ሲሞክሩ "ኧረ ጋሼ፣ ይተዉት" እያልኩ ስንጨቃጨቅ ከረምን። ቆሎውን ላወቁት ሰው እንዲህ ማለት ከብዶኝ ነበር።

ከሃያው አሥራ ስድስቱ በቀሉ። በሦስት ወሩ አንዱን ቱቦ ፈትቼ አየሁ። ከላይ ሰባት ሴንቲሜትር፣ ከታች ሥሩ የቱቦውን ወንፊት ነክቷል። ቱቦውን መልሼ አሰርኩት፤ ችግኙ አልሞተም።

የቀረው ብርዱ ነው። ይዕብ ውርጭ አይችልም፤ የተፈጥሮ ቦታውም ከባሕር ወለል በላይ ከሺህ ሜትር እምብዛም አይዘልም። የእኛ ግቢ ከዚያ በብዙ ከፍ ያለ ነው። ኅዳር ሳይገባ አሥሩን ወደ ድሬዳዋ፣ ጓደኛዬ ዘመዶች ግቢ ለመውሰድ ወሰንን። አሥር ቱቦ በሚኒባስ ይዞ መሄድ እንዴት እንደሆነ ያየ ያውቃል። ረዳቱ የሦስት ሰው ሒሳብ ጠየቀን፤ ተከራክረን በሁለት ሰው ተስማማን። በኬላው ላይ ፈታሹ አንዱን ቱቦ አንስቶ ወደ ውስጥ አየና "ለዚህች ቅጠል ነው ይሄ ሁሉ?" አለ። ከላይ ለሚያይ ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

ድሬዳዋ ዝናቡ ለይዕብ ይበዛል፤ መሬቱ ግን ሙቅና አሸዋማ ነው። ቱቦውን ጉድጓድ ውስጥ አቁመን፣ ሽቦውን ፈትተን፣ ግማሾቹን ቱቦዎች ወደ ላይ ስበን አወጣን። እኔ ይህን በምጽፍበት ጊዜ ከአሥሩ ስምንቱ ቆመዋል። ትልቁ ጉልበቴ ጋ አልደረሰም። ፍሬ ለማየት ገና ዓመታት ይቀራሉ፤ እኔ ተመርቄ እሄዳለሁ። የቤቱ ልጆች ግን ቅጠሉ ጥፍር እንደሚያቀላ ስላወቁ ተክሉን የሚያሰጋው ፍየል ሳይሆን እነሱ ሆነዋል።

ስለ ምግብነቱ ብዙ አልተናገርኩም፤ ምክንያቱም አንዳንድ ጽሑፎች ይዕብን ተአምር አድርገው ስለሚያቀርቡት ነው። ፕሮቲኑ ከ10 እስከ 13 በመቶ ገደማ ነው፤ ከሽምብራ በግልጽ ያንሳል። ጥንካሬው ስታርች፣ ስኳርና ቅባት ባንድነት መያዙና ሽምብራ በማይበቅልበት መብቀሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ትኩረት ይገባቸዋል ካላቸው የሐሩር ጥራጥሬዎች አንዱ አድርጎ አቅርቦት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗል፤ እኔ ግን ሦስተኛ ዓመት ደርሼ በእጄ ይዤው አላወቅሁትም።

በግቢያችን ከቀሩት ስድስቱ ውስጥ ሁለቱ ከላስቲክ ቤቱ ጀርባ፣ ከግድግዳው ጥግ ሙቀት ባለበት፣ በሕይወት አሉ። ግራጫ ቱቦ ውስጥ ናቸው፤ ላያቸው ላይ ቀይ ክር አስሬያለሁ። ባለፈው ወር አንድ ሰው የደረቁ መስሎት አንዱን ጎትቶ ነበር፣ ጋሼ ደርሰው አስጣሉት። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ላስቲክ ቤቱን ስታጸዱ እባካችሁ ቱቦዎቹን ከቦታቸው አታንቀሳቅሱ፤ ውሃ ማክሰኞ ብቻ ነው፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ ሊትር።